ስለትና ስልክ

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ጉልበት ነው። ጉልበት ስል ኃይሏን ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ሞልቶ ተርፏታል። የግራ እግሯን ጉልበት ነው። ሐኪሙ «ዳገት አትውጪ፣ ረጅም መንገድ አትሂጂ» ብሎ ቤት አዋላት። እሷ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። የመጀመሪያ ልጃችን በምጥ ተይዛ ሁለት ቀን ስትጨነቅ፣ «በሰላም ገላግልልኝ እንጂ፣ ዘርፉ ወርቅ የመሰለ የከፋይ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ልጅቱ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑም አደገ፤ ጥርስ አበቀለ፣ ዳዴ አለ፣ ሮጠ፣ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ሰበረ። ጥላው ግን እንደተጠቀለለ ከቁም ሣጥኑ ጎን ቆሞ ቀረ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ጥላው የሚገላምጣት ይመስላታል።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «አንተ አድርስልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። «ግን ሲሰጥ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለች። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ብዙ የተጣረሰ ዓረፍተ ነገር አርሜአለሁ፤ «አልሄድም ግን አያለሁ» የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም። መላ ያመጣችው ያቺው በምጥ ያስጨነቀችን ልጅ ናት። «አባዬ፣ ስማርት ስልክ እንገዛልሃለን። አንተ በቪዲዮ ትደውላለህ፤ እማዬ እዚህ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ በኔ ስልክ ታያለች» አለች። ባለቤቴ አማተበች። አልተቃወመችም ግን።

እስከዚያ ቀን የያዝኩት ቀፎ ባለ ቁልፍ ነበር። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንት ይሰነብታል፤ ከእጅ ቢወድቅ የሚታዘንለት ወለሉ ነው፤ አናቱ ላይ መብራት አለው። የራሳችን ሕግም ነበረን። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «መልሰሽ ደውዪ»። ሦስት ጊዜ ከሆነ «እንግዳ ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ወጡን አበርክቺው»። እኔና ባለቤቴ በሚስኮል ተጣልተን በሚስኮል ታርቀናል። አንዲት ሳንቲም ሳናወጣ!

ስልኩን ልንገዛ መገናኛ ሄድን። የቦታው ስም ለዚሁ ጉዳይ የወጣ ይመስላል። ከአንዱ ሕንፃ ሥር ጉንዳን እንደሚተራመስበት ጉድጓድ የስልክ ሱቅ በስልክ ሱቅ ላይ ተደራርቧል። መስታወት ሣጥን ኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፋዘር፣ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?»

«የሚደውል።»

ልጁ እኔን ትቶ ወደ ልጄ ዞረ። ስለ ራም፣ ስለ ስቶሬጅ፣ ስለ ካሜራ ተነጋገሩ። እኔ መሀላቸው ቆሜ፣ ወላጅ አምጣ ተብሎ አባቱን ይዞ እንደመጣ ተማሪ፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላዋን አያለሁ። በመጨረሻ ልጄ «ገብርኤልን አጥርቶ የሚያሳይ ይሁን» ብላ ነገሩን ቋጨችው። ልጁ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በእናቱ ማለ። የሦስት ወር ጡረታዬን ቆጥሬ ሰጠሁት። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ስክሪኑ እንዳይሰበር ሌላ መስታወት ለጠፈበት፤ ቀፎው እንዳይጫጫር ጥቁር ከቨር አለበሰው። በጥቁሩ ከቨር ደስ አለኝ፤ ጭምት ነው። አገር ምድሩ ይኼንኑ ጥቁር ከቨር እንደያዘ የተረዳሁት ኋላ ነው።

ትምህርቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መምህሬ ልጄ ናት፤ ረዳት መምህሩ የሦስት ዓመት የልጅ ልጄ። ሁለቱም ትዕግሥት የላቸውም። የኔ ጣት ለጠመኔ የተፈጠረ ነው፤ ስነካው አይሰማም፣ ስጫነው ሌላ ነገር ይከፍታል። ልጄ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ነጥቦቹን አገናኝቼ ምልክት እንድስል አለችኝ። ምን ልሳል? ዕድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ የጻፍኳትን ሀ ሳልኩ። ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። ተከፈተ። ሀ የዕውቀት በር ናት እያልኩ ስንቱን አስተምሬአለሁ፤ እውነትም በር ስትሆን ያየኋት ግን ያን ዕለት ነው።

ጽሕፈቱ ሌላ ጣጣ ነው። ፊደላችን ከነዘሩ ተጨፍልቆ ከጣቴ ጫፍ በምታንስ ሰሌዳ ላይ ተደርድሯል። ለ ስትነካ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብቅ ይላሉ፤ እኔ መነጽሬን እስካስተካክል ሌላ ተመርጦ ያድራል። ደግሞ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለየብቻ ናቸው። ልጆቼ የትኛውንም መትተው ያልፋሉ። እኔ ግን «ኀዘን»ን በሀሌታው ሀ ጽፌ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? በትክክሉ ኀ ፍለጋ ስዳክር፣ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የለቅሶውን ወሬ ሁሉም አውቆት፣ አልቅሶ፣ ተጽናንቶ ጨርሷል።

የጉዞው ዋዜማ ደረሰ። ባቡሩ ጠዋት 2 ሰዓት ይነሣል፤ ለቡ ጣቢያ ደግሞ ከኛ ሰፈር ሩቅ ነው። ልጄ ማንቂያውን 4:30 ላይ ሞልታልኝ ተኛች። አየሁት። «አራት ሰዓት ተኩል? ባቡሩ አዳማ ገብቶ ልነቃ ነው?» አልኩና እርማት አደረግኩ። 10:30። ከሥሩ ጠዋት ወይስ ማታ የሚል ምርጫ አለ። ጨለማ ስለሆነ ማታ አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ተኛን። ስልኩ ጮኸ። 10:30 ይላል። ዘልዬ ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ ጥላዬን ታቀፍኩ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የጎረቤታችን ልጅ ከሥራ ሲገባ ተገጣጠምን።

«ጋሼ፣ በዚህ ምሽት ወዴት ነው?»

«ቁልቢ።»

ልጁ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ክንዴን ይዞ ወደ ቤቴ መለሰኝ። ከሌሊቱ አሥር ተኩል ሳይሆን ከምሽቱ አራት ተኩል ነበር። ስልኩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ከፀሐይ መውጫ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ «የድሮው ዶሮ ይሻል ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 17፣ እንደምንም ባቡሩ ላይ ተሳፈርኩ። ጥላው ከኔ ይረዝማል። በአንድ እጄ ጥላ፣ በሌላው ስልክ ይዤ ወንበሬን ስፈልግ ያየኝ ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። ለጥላው ነው እንጂ ለኔ አይደለም።

በዚህ መሥመር ስሄድ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. ድሬዳዋ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ በድሮው ባቡር ነው የሄድኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ሐዲድ ላይ። በየጣቢያው ይቆማል፤ በመስኮት እንቁላል፣ ሸንኮራ፣ ብርቱካን ይገዛል፤ ሰው ይተዋወቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ስደርስ ለእናቴ ቴሌግራም ላክሁላት። አዎ፣ ያኔም ቴሌግራም ነበር። ሒሳቡ በቃል ቁጥር ስለነበረ አንዲት ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «ደረስኩ»። እናቴ በዚያች ቃል ክረምት እስኪገባ ድረስ ኖረች። ትምህርት ተዘግቶ ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ከዚራ ዛፎች፣ አሸዋው ላይ ድንገት ስለሚመጣው የደቻቱ ጎርፍ እስከ እኩለ ሌሊት አወራሁ። የአዋሹን ድልድይ እጆቼን ዘርግቼ ነበር ያሳየኋቸው። ትንሽም ሳላስረዝመው አልቀረሁም።

አሁን ግን ገና ቢሾፍቱ ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው።

«የት ደረስክ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።»

«አሳየኝ።»

አሳየኋት። ሞጆን አሳየኋት፤ አዳማን አሳየኋት። መተሐራ ስንደርስ በሰቃ ሐይቅን ከነፈንታሌ ተራራው አሳየኋት። «ወደ ቀኝ አዙረው። መስኮቱ ቆሽሿል፣ ጥረገው። አንተ አትታይ፣ ሐይቁን ከለልከው» ትለኛለች። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋልሽ እህቴ» አሏት። አለቀ። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ቅቤ ዋጋ፣ ስለ ሴትዮዋ ምራት መጨዋወት ያዙ። እኔ ክንዴን ዘርግቼ ስልኩን በመሀላቸው ይዣለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል የስልክ እንጨት ሆንኩ።

የስልክ እንጨት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲጀመር፣ የተዘረጋው በዚሁ በኩል ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር። ከዚያም በፊት ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ለመልእክት ጣሊያን ሄደው ሲመለሱ የስልክ ቀፎ ለአጤ ምኒልክ ይዘውላቸው እንደመጡ ይነገራል። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ የሰሙት ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ቢቃወሙም፣ ምኒልክ አልሰሟቸውም አሉ። እኒሁ ራስ መኮንን ናቸው እንግዲህ የቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት፤ ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ስለታቸውን አገቡ ይባላል። ስለትም ስልክም በአንድ ሰው እጅ ያለፉ ናቸው ማለት ነው። ይኼን ለባለቤቴ ልነግራት አፌን ስከፍት ሴትዮዋ «ቆይ ጋሼ፣ ይቺን ልጨርስላት» አሉኝ።

አዋሽን እንዳለፍን ዳታዬ አለቀ። ለሦስት ቀን ይበቃሃል የተባልኩት ፓኬጅ የሴትዮዋን ምራት ሐሜት ብቻ አድርሶ ጠፋ። ለልጆቼ አጭር የጽሑፍ መልእክት ልላክ ብዬ «ደህና ነኝ» ማለት ፈለግኩ። ባቡሩ ነቀነቀኝ፤ ህ የነበረችው ሀ ሆነች፤ ና ተዘለለች። «ደሀ ነኝ» ብሎ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሐዋሳ ያለው ልጄ በቴሌብር 500 ብር ላከልኝ። ደውዬ ስሕተት መሆኑን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት፤ በብሩ ዳታ ሞላሁ። አባት ሲያርም ኖሮ አንድ ቀን ስሕተቱ ቢጠቅመው ምን አለበት?

ድሬዳዋ እንደ ድሮው በሙቀት ተቀበለችኝ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ በባጃጅ ከዚራ ገባሁ። ባለ ባጃጁ ወጣት «አቦ አባቴ፣ ይቺ ስልክ ሁለት ሲም ትበላለች፣ አንዷን ጉሮሮ ለምን ባዶዋን ታሳድራላችሁ?» አለኝ። አገሪቱ ውስጥ ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ከአራት ወር በፊት ሥራውን የጀመረው ከአዲስ አበባ ቀድሞ እነሱ ከተማ ላይ መሆኑን በኩራት ነገረኝ። ድሬ እንዲህ ናት፤ አዲስ ነገር መጀመሪያ እሷ ጋ ይወርዳል፣ ባቡሩም እንደዚያው ነበር። እኔ ግን አንዷም ሲም መቼ ፋታ ሰጠችኝ!

በማግስቱ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣን። ጠመዝማዛው በዞረ ቁጥር ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሰው ጋቢውን ማውጣት ጀመረ። ወደ ቁልቢ ስንጠጋ መንገዱ ነጭ ለብሷል። በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ድንጋይ የተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ጧፍ የታቀፈ፣ በግ የሚጎትት። ጥላዬን በመስኮት አወጣሁት፤ ከጣሪያው በላይ እንደ ባንዲራ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ድንኳኑን፣ ገበያውን፣ የተዘረጋውን ጸበል ጸዲቅ አየች። «ጥላውን አሳየኝ፤ ዘርፉ ተጨማዷል፣ አቃናው» አለች። አቃናሁት። ከዚያ ስልኩ ቀዩን ባትሪ አሳየኝ። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩም ተጨናነቀ። አንድ የስልክ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው ልክ አለው፤ እዚያ ተራራ ላይ የወጣው ሕዝብ ደግሞ ልክ የለውም። ሁሉም እኩል «ሃሎ» ሲል ማንም አይሰማም። አንዲት ሴት በመዝጊያ ቀዳዳ ውስጥ እንደምትናገር «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ቁልቢ ነኝ፣ ቁልቢ!» ትላለች። ዙሪያዋ ያለነው ሁላችን ሰማናት፤ የደወለችለት ሰው ብቻ አልሰማም።

ለነገው ባትሪ ያስፈልጋል። ጄኔሬተር አስነሥቶ ስልክ በገንዘብ ቻርጅ የሚያደርግ ልጅ አገኘሁ። ጣውላ ላይ ሶኬት ደርድሯል፤ ገመዱ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል፤ በየጫፉ ስልክ አፍርቷል። ስልኬን ወሰደ፤ ከካርቶን ቀዶ 63 ብሎ ጻፈልኝ። «እሷን ካልያዙ አልሰጥም፣ አባቴ» አለ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ባዶ ሆነ፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ በመጨረሻ ጥላውን በሁለት እጄ ታቀፍኩ።

ብርዱ ሲበረታ አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ አልኩ። ነጠላቸውን ተከናንበው እግራቸውን ያሻሉ። ቆሎ ዘረጉልኝ። ከጭሮ በእግራቸው አምስት ቀን ሄደው ነው የመጡት።

«ምን ተስለው ነው፣ እማማ?»

ልጃቸው በባሕር፣ በየመን በኩል፣ ሳዑዲ ልግባ ብሎ ወጣ። ሁለት ዓመት ድምፁ ጠፋ። አንዱ ሞቷል አላቸው፣ ሌላው ታስሯል አላቸው። እሳቸው «ይምጣልኝ» ብለው አልተሳሉም። «ያን ያህል መለመን ድፍረት መሰለኝ» አሉኝ። «ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ አልኩት።» የዛሬ ሦስት ወር የጎረቤታቸው ስልክ ጠራ። ባለ ስልኳ እየሮጠች መጣች። እሱ ነው።

«ስንት ሰዓት አወራችሁ?»

«ምን ሰዓት አለ! ሁለት ደቂቃም አትሞላ። እማዬ አለ፣ ወዬ አልኩት፣ አለሁ አለ፣ ቆረጠ።» ቆሏቸውን በመዳፋቸው አንጓለሉ። «ወዬ ያልኩት ሰምቶኝ ይሆን አይሆን፣ እሱን ነው አሁን የማስበው።»

ምንም ማለት አልቻልኩም። ቀን የተደወለልኝን አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ሐይቁን ከለልከው፣ ዘርፉን አቃናው። ጋቢዬን ለሁለት ለበስነው። ማኅሌቱ እስኪነጋ አላቋረጠም፤ ከበሮው ከተራራው ሥር የሚመታ ይመስላል። እኔ መምህሩ፣ ወሬ የማልጨርሰው፣ ሌሊቱን በሙሉ አድምጬ አደርኩ።

ነጋ። ባለ ጄኔሬተሩ ጋ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፤ ሕዝቡ ግን ወንዝ ሆኗል፣ እኔ ወደፈለግኩበት ሳይሆን ወደፈለገበት ወሰደኝ። ጥላዬን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እየተገፋሁ፣ እየተረገጥኩ፣ የስለት መቀበያው ፊት ደረስኩ። አሁን ነው መደወል የነበረብኝ። አሁን ነው ሦስት ወር ጡረታ የወጣበት ደቂቃ። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ባዶ ተመለሰ። ካህኑ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኋላዬ ያለው ገፋኝ። የባለቤቴን የክርስትና ስም ተናገርኩ፤ ጥላውን ሰጠሁ። ካህኑ ገለጥ አድርገው አዩት፤ ፀሐይ ከፋዩ ላይ አረፈች፤ እልልታ ቀለጠ። እልል የተባለው ለኔ ጥላ ይሁን ለሌላ አላውቅም። ለኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በዚያው ስሜት ከኪሴ የተጣጠፈ ብር አውጥቼ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ስልኬን ፍለጋ ሄድኩ። ኪሴን ዳሰስኩ። የተጣጠፈው ብር አለ። የተጣጠፈው ካርቶን የለም። ቀስ በቀስ ገባኝ። ለገብርኤል የሰጠሁት 63 ቁጥርን ነው።

ለባለ ጄኔሬተሩ ነገርኩት። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «አባቴ፣ ስልኩ እንግዲህ የገብርኤል ሆኗላ! በስለት የገባ ይወጣል እንዴ?» ከዚያ ኮስተር አለና «የትኛው ነው?» አለኝ። ጣውላውን አየሁ። ካርቶኖቹ ሌሊት ንፋስ ወስዷቸው ተደበላልቀዋል። ሦስት ስልክ አለ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት፤ ሦስቱም ጥቁር ከቨር የለበሱ።

«የኔ የሚከፈተው በሀ ነው» አልኩ በኩራት።

አንደኛውን አንሥቼ ሀ ሳልኩ። እምቢ አለ። ጣቴ በርዶት ይሆናል ብዬ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። አምስት ጊዜ ስሳሳት ሠላሳ ሴኮንድ ጠብቅ አለኝ፤ ስንቱን ተማሪ ጥግ አቁሜ ኖሬ ተራዬ ደረሰ። ሁለተኛውን አነሣሁ። ሀ። ተከፈተ! ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ፊቴ ላይ አንዲት ሙሽራ ከነቬሏ ብቅ አለች። ባለ ጄኔሬተሩ ሙሽራዋን አየ፣ እኔን አየ።

«ልጅዎ ናት?»

«አላውቃትም።»

«የማያውቋትን ሰው ስልክ እንዴት ከፈቱት?»

ዙሪያችን ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ሽማግሌ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሀን ያስተማርኩት ሕዝብ ሁሉ ስልኩን በሀ ይቆልፋል ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እያስረዳሁ በሄድኩ ቁጥር ይበልጥ ሌባ እየመሰልኩ መጣሁ።

በዚህ መሀል፣ ሕዝቡ ሲቀንስ ኔትወርኩ ነፍስ ዘራ መሰለኝ፣ ሦስተኛው ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ባለቤቴ፣ ልጄ በሻሽ ያነሣቻት ፎቶ፣ ቁጣዋን እንደያዘች ወጣች። «ይቺ! ይቺ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ግን ቀድሞኝ አነሣው።

«ሃሎ፣ እናቴ፣ ባለ ስልኩን ያውቋቸዋል?»

ከወዲያኛው በኩል እሪታ ተሰማ። ለካ ባለቤቴ ሃያ ሰዓት ሙሉ ስትደውል አድራለች፤ ደንበኛው አይገኝም እየተባለች። አሁን ደግሞ የማታውቀው ወንድ አነሣው። ሞቷል ብላ ደምድማለች። ስልኩን ነጥቄ «አለሁ!» አልኩ። ያቺ እናት የነገሩኝ ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ጸጥ አለች።

«ወዬ» አለች ቆይታ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፦ «ጥላውስ?»

«ሰጠሁ።»

«አላየሁማ!»

«አላየሽም» አልኩ። ምን ልበል? ልጁ ሒሳቡን ተቀበለና «የገብርኤልን ድርሻ እርስዎ ይጨርሱት» ብሎ አሰናበተኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ቤቱ ጎረቤት ሞልቶታል፤ ቡና ተፈልቷል። እንደ 1974ቱ ክረምት ላወራ ተዘጋጅቼ፣ ጋቢዬን አራግፌ ተቀመጥኩ። «እንግዲህ ባቡሩ…» ስል አንዷ ጎረቤት «አዎ፣ አጠገብህ የነበሩት ሴትዮ ምራታቸው ታረቀች?» አለችኝ። ሌላው ስለ በሰቃ ሐይቅ ለኔ ማስረዳት ጀመረ። የጎረቤቱ ልጅ የሌሊቱን ማንቂያ ነግሯቸው ጨርሷል። ደንገጎን ያውቁታል፤ የድንኳኑን ቀለም ያውቁታል፤ ደሀ መሆኔን እንኳ ሰምተዋል። ባለቤቴ ሁሉንም፣ ከኔ በተሻለ አማርኛ፣ ተርካው ኖሯል። የምዘረጋበት ክንድ፣ የማስረዝመው ድልድይ አልተረፈልኝም። መንገደኛው እኔ፣ የመንገዱ ባለቤት እሷ።

ስኒዬን ይዤ የራሴን ጉዞ እንደ እንግዳ አዳመጥኩ። ከቢሾፍቱ እስከ አዋሽ፣ ከከዚራ እስከ ቁልቢ በር አደረሰችን። «ከዚያ ዘርፉን አቃና አልኩት፣ አቃናው። መሸ…» አለችና ቆመች። የምትቀጥለው አጣች። እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየችው፤ እዚያም ምንም የለም። ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቃት።

ስልኩን ትራስ ሥር ሸጎጠችና ወደኔ ዞረች።

«ከዚህ ወዲያ ያለውን እሱ ነው የሚያውቀው» አለች። «በል ተናገር። ከመሸበት ጀምር።»

ጋቢዬን አስተካከልኩ። «አንዲት እናት ነበሩ» አልኩ፣ «ከጭሮ በእግራቸው የመጡ።»